የክላስተር ሥራችሁ ዲስኩን ምን ያህል ያስሮጠዋል? የንባብና የጽሕፈት ፍጥነትን በትክክል መለካት

አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ትንሽ ክላስተር (እንደ አንድ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ስብስብ) እጠብቃለሁ። ስምንት ኖድ (ሥራውን የሚሠሩት ኮምፒውተሮች)፣ አንድ የፋይል ሰርቨር፣ አንድ የሚንጫጫ ኤሲ፣ ብዙ ተማሪ። ባለፈው አንዲት የጄኔቲክስ ተማሪ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። «አንድ ናሙና በላፕቶፔ 25 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እዚህ አንድ ሰዓት ፈጀ። ፕሮሰሰሩ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል» አለችኝ።

ስለርምን ጠየቅነው። የሥራ ሰልፉን የሚያስተዳድርልን ፕሮግራም ነው። በዚያ አንድ ሰዓት ሥራው 900 ጊጋባይት አንብቧል አለን። ለ3,600 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 250 ሜጋባይት ይሆናል። «እንዲያውም ፈጣን ነው!» አለች።

እኔ ግን ደነገጥኩ። ኖዶቻችን ከፋይል ሰርቨሩ ጋር የተገናኙት በ1 ጊጋቢት ኔትወርክ ነው። ቢት ለ8 ሲካፈል ባይት ነው። ስለዚህ መስመሩ ቢጨመቅ ቢጨመቅ በሰከንድ ከ125 ሜጋባይት አያልፍም። 250 ማለት ከፒያሳ አራት ኪሎ በእግሬ በሁለት ደቂቃ ደረስኩ እንደማለት ነው።

ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። የተለካው ሌላ ቦታ ላይ ነው። አንድ ባይት ከፕሮግራሙ ተነስቶ ዲስክ እስኪደርስ በብዙ ፎቅ ያልፋል፦ ፕሮግራሙ፣ የሊኑክስ ካሽ (ማለትም ሜሞሪው)፣ ኔትወርኩ፣ የሰርቨሩ ሜሞሪ፣ በመጨረሻ ዲስኩ። እያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ፎቅ ላይ ቆሞ ነው የሚቆጥረው። የትኛው የት እንደቆመ ካላወቃችሁ ቁጥሩ ያሳስታችኋል።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። ትእዛዞቹን በኛ ፊደል እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው። ተርሚናል ላይ ስትጽፏቸው በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ፣ ሳታራርቁ ነው። የስለርም ትእዛዞች ሁሉ በኤስ ስለሚጀምሩ ለመያዝ አይከብዱም።

1. መጀመሪያ ጣሪያውን እወቁ

መለኪያ ከመክፈታችሁ በፊት ዕቃችሁ ቢበዛ ስንት መስጠት እንደሚችል ወረቀት ላይ ጻፉ። እኔ መደርደሪያው በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ ከ150 እስከ 250 ሜጋባይት ይሰጣል። የሳታ ኤስኤስዲ (የሚዞር ነገር የሌለው ዲስክ) 550 አካባቢ ላይ ይቆማል። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት ሺዎች ሜጋባይት ይገባል። የ1 ጊጋቢት ኔትወርክ በተግባር ከ110 ትንሽ ከፍ ይላል፤ ባለ 10 ጊጋቢት በወረቀት 1,250 ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ቁጥር ነው። ያው ሃርድ ዲስክ እዚህም እዚያም እየዘለለ እንዲሠራ ከተገደደ በሰከንድ 100 ያህል ክዋኔ (አንድ ጊዜ ማንበብ ወይም መጻፍ) ብቻ ነው የሚችለው። እያንዳንዱ ክዋኔ 4 ኪሎባይት ከሆነ በሰከንድ 400 ኪሎባይት ማለት ነው። ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። አራት ኪሎ ተቀምጦ በአራት ኪሎባይት መሰቃየት ይሏል ይሄ ነው።

የራሳችሁን ጣሪያ በተግባር ለመለካት ኤፍአይኦ የሚባለውን ፕሮግራም ተጠቀሙ፤ ካሽን የሚያልፈውን ምርጫ ማለትም ዳይሬክትን 1 አድርጉ። ይህን ከረሳችሁ የምትለኩት ሜሞሪያችሁን ነው። ዲዲ በሚባለው የመቅጃ ትእዛዝ ፋይል ጽፈው ወዲያው መልሰው በማንበብ «ዲስኬ በሰከንድ 4 ጊጋባይት ያነባል» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ያነበቡት ከሜሞሪ ነው። ደግሞ ይህን ሙከራ ሰው በሌለበት ሰዓት አድርጉ፤ የጋራ ሰርቨር ላይ ቀን በቀን ኤፍአይኦ መልቀቅ ጠብ መፈለግ ነው።

2. ስለርምን ጠይቁ፣ ግን በጥርጣሬ

እየሠራ ላለ ሥራ ኤስስታት፣ ላለቀ ሥራ ኤስአክት ነው። ቁጥሩ 4821 ለሆነ ሥራ እንዲህ ይጻፋል፦

ኤስስታት -ጄ 4821.ባች

ነጥብ ባች የሚለውን አትርሱ። ያለ እሱ ብዙ ጊዜ ባዶ ይመልሳል፤ ስክሪፕታችሁ የሚሮጠው ባች በሚባለው የሥራው ክፍል ውስጥ ነውና። ከሚመጡት ዓምዶች የምትፈልጉት ማክስ-ዲስክ-ሪድ፣ ማክስ-ዲስክ-ራይት፣ እንዲሁም አቨሬጅ የሚሉትን አቻዎቻቸውን ነው።

እዚህ ጋ ሦስት ወጥመድ አለ።

አንደኛ፣ እነዚህ ፍጥነት አይደሉም። ከጅምሩ የተጠራቀመ ድምር ናቸው። ፍጥነት ከፈለጋችሁ በፈጀው ጊዜ አካፍሉ፤ ወይም ኤስስታትን በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ጠይቁና ልዩነቱን ለ60 አካፍሉ።

ሁለተኛ፣ ሥራችሁ 16 ታስክ (ጎን ለጎን የሚሮጡ ክፍሎች) ካለው ማክስ የሚለው ከሁሉ የበዛውን የአንዱን ታስክ ቁጥር ነው። የሁሉንም ድምር የሚሰጠው ትሬስ-ዩሴጅ-ኢን-ቶት የሚለው ዓምድ ነው፤ ውስጡ ኤፍኤስ እና ዲስክ የሚለውን ፈልጉ። ለጽሕፈት ኢን የሚለውን በአውት ቀይሩት።

ሦስተኛው ነው ዋናው። ስለርም ቁጥሩን የሚወስደው ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ (እየሮጠ ላለ ፕሮግራም) ከሚመዘግበው አር-ቻር እና ደብሊው-ቻር ነው። እነዚህ የሚቆጥሩት ፕሮግራሙ «አንብብልኝ» ብሎ የተቀበለውን ሁሉ ነው። ከዲስክ ይምጣ፣ ከሜሞሪ ይምጣ፣ ከሌላ ፕሮግራም በቧንቧ ይምጣ ግድ የላቸውም። በተቃራኒው ፕሮግራሙ ፋይሉን ኤም-ማፕ በሚባለው መንገድ ሜሞሪ ላይ ዘርግቶ ካነበበ ምንም አይቆጥሩም። ስለዚህ የስለርም ቁጥር ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት ይችላል።

የተማሪዋ ነገር እዚህ ላይ ተፈታ። ፕሮግራሟ አንድ የ3 ጊጋባይት ማመሳከሪያ ፋይል 300 ጊዜ እየከፈተ ያነብ ነበር። 3 በ300 ሲባዛ 900። ፋይሉ ግን ከመጀመሪያው ንባብ በኋላ የኖዱ ሜሞሪ ውስጥ ነው። ኔትወርኩን የነካው አንዴ ብቻ።

ሳልረሳው፣ ስለርም በነባሪው በየ30 ሰከንዱ ነው የሚቆጥረው። ዓምዶቹ ሁሌም ባዶ ከሆኑ ደግሞ አስተዳዳሪው የሥራ መዝገብ አያያዙን አላበራውም ማለት ነው። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

3. ሥራው ያለበት ኖድ ውስጥ ግቡ

ኤስኪው ብላችሁ ሥራው በየትኛው ኖድ እንዳለ እዩ። ከዚያ፦

ኤስራን --ጆብአይዲ=4821 --ኦቨርላፕ --ፒቲዋይ ባሽ

ኦቨርላፕ የሚለው የያዛችሁትን ፕሮሰሰር ከራሳችሁ ሥራ ጋር እንድትጋሩ ያደርጋል። ካልጻፋችሁት ቦታ እስኪለቀቅ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ሜክሲኮ ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ታክሲ እንደመጠበቅ። ኖዱ ላይ ስትደርሱ ኤስኮንትሮል ሊስትፒድስ 4821 በሉ። የሥራችሁን ፕሮሰሶች ቁጥር ይዘረዝርላችኋል።

አሁን ፕሮክ በሚባለው ማውጫ ውስጥ፣ በፕሮሰሱ ቁጥር ስር፣ አይኦ የሚለውን ፋይል በካት ክፈቱ። ሰባት መስመር ነው። ሁለቱን ጥንዶች ብቻ አስተያዩ፦ አር-ቻር እና ሪድ-ባይትስ፣ ደብሊው-ቻር እና ራይት-ባይትስ። የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራሙ የጠየቀውን፣ ሁለተኛዎቹ ከማከማቻው ጋር የተያያዘውን ይቆጥራሉ።

ፋይሉን ክፈቱ፣ 10 ሰከንድ ቆዩ፣ ድጋሚ ክፈቱ፣ ቀንሱ። ለምሳሌ አር-ቻር በ2,600 ሜጋባይት ከጨመረና ሪድ-ባይትስ በ30 ብቻ ከጨመረ፣ ፕሮግራሙ በሰከንድ 260 ያነባል፤ ከዲስክ የሚመጣው ግን 3 ነው። ቀሪው የሜሞሪ ትሩፋት ነው።

ሪድ-ባይትስ ልክ የሚሆነው ኖዱ ላይ ለተገጠመ ዲስክ ነው። ፋይሉ በኔትወርክ ከመጣ የመጨረሻውን ፍርድ ለደረጃ 5 አቆዩት።

በእጅ መቀነስ ከሰለቻችሁ ፓይድ-ስታት -ዲ 5 በሉ። ፒአይዲ እና ስታት ተጣብቀው ነው የሚጻፉት። በየ5 ሰከንዱ የእያንዳንዱን ፕሮሰስ ንባብና ጽሕፈት በኪሎባይት ያወጣል። ለራሳችሁ ፕሮሰስ የሩት (የአስተዳዳሪ) ፈቃድ አይጠይቅም፤ ዲስኩን ማን እንደያዘው የሚያሳየው አይኦ-ቶፕ ግን ይጠይቃል። እኔ አይኦ-ቶፕን የምከፍተው «ማነው እሱ?» ስል ነው።

4. የኖዱን ዲስክ እዩ

አይኦ-ስታት -ኤክስኤም 5። ይኸውላችሁ። ሲስ-ስታት የሚባለው ጥቅል ውስጥ ከፓይድ-ስታት ጋር አብሮ ይመጣል።

የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ እለፉት። እሱ ኖዱ ከበራበት ጊዜ ጀምሮ ያለው አማካይ ነው። ስንቱ ሰው በዚያ ቁጥር ሪፖርት ጽፏል መሰላችሁ። ከሁለተኛው ጀምሮ ያለው ነው የአሁኑ።

የንባብና የጽሕፈት ሜጋባይት በሰከንድ ግልጽ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ግን አዌይት የሚለውን ነው። አንድ ጥያቄ ተጠይቆ እስኪመለስ ስንት ሚሊሰከንድ እንደጠበቀ ይነግራል። ጤነኛ ሃርድ ዲስክ 10 አካባቢ ነው፤ ኤስኤስዲ ከ1 ብዙም አይርቅም። አዌይት 80 ከደረሰ ሰልፍ አለ።

መጨረሻ ላይ ዩቲል የሚል መቶኛ አለ። ሰው ሁሉ እሱን አይቶ ይደናገጣል። ለአንድ ሃርድ ዲስክ ጥሩ ምልክት ነው። ለኤስኤስዲና ለሬይድ (እንደ አንድ ለሚሠሩ ብዙ ዲስኮች) ግን ብዙ ጥያቄ በአንዴ ስለሚያስተናግዱ 100 ሆኖም ገና አቅም ሊኖራቸው ይችላል። አንድ ደንበኛ ስለገባ «ማኪያቶ ቤቱ ሞልቷል» አይባልም።

እዚህ ላይ ከደረሰብኝ አንዱን ልንገራችሁ። አንድ ሰኞ ሁሉም ሥራ ተጎተተ። ፕሮግራም ፈተሽን፣ ኔትወርክ ፈተሽን፣ ተጠቃሚ ወቀስን። ለካ ቅዳሜ ሌሊት መብራት ሄዶ ሰርቨሩ በወጉ ሳይዘጋ ጠፍቷል። ሲነሳ የሶፍትዌር ሬይዱ ዲስኮቹን ከጫፍ ጫፍ እያመሳሰለ ነበር። ፕሮክ ውስጥ ኤምዲስታት የሚለው ፋይል ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ስንት መቶኛ እንደደረሰ፣ ስንት ደቂቃ እንደቀረው። ከዚያ ወዲህ መብራት ሄዶ ከመጣ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው።

5. ፋይሉ በኔትወርክ ከሆነ

አይኦ-ስታት ኤንኤፍኤስን (ፋይልን ከሰርቨር በኔትወርክ የሚያቀርበውን ሥርዓት) አያሳይም። ይህን ሳያውቁ «ዲስኩ ባዶ ነው፣ ችግሩ ሌላ ነው» ብለው የሚሄዱ ብዙ ናቸው። የቤት ማውጫችሁ በኤንኤፍኤስ የተሰካ ከሆነ መሣሪያው ኤንኤፍኤስ-አይኦ-ስታት ነው፤ ሦስቱ ቃላት ያለ ሰረዝ ይገጣጠማሉ። ከኋላው 5 ጻፉ፣ ቀጥሎ ማውጫውን።

ንባብና ጽሕፈትን ለየብቻ ያወጣል። አምስት ዓምድ ተመልከቱ። በሰከንድ ስንት ክዋኔ። በሰከንድ ስንት ኪሎባይት። በአንድ ክዋኔ ስንት ኪሎባይት። ከዚያ አርቲቲና ኤክስ-ኢ የሚሉት ጊዜዎች፣ በሚሊሰከንድ።

አርቲቲ ጥያቄው ከኖዱ ወጥቶ ከሰርቨሩ መልስ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ነው። ኤክስ-ኢ ደግሞ ኖዱ ውስጥ ተሰልፎ የጠበቀበትንም ይጨምራል። ሁለቱ ተቀራርበው ከፍ ካሉ ኔትወርኩን ወይም ሰርቨሩን ጠርጥሩ። ኤክስ-ኢ ብቻውን ከራቀ ሰልፉ ያለው ራሱ ኖዱ ላይ ነው። ይህች ልዩነት ብቻዋን ስንት ክርክር አሳጥራልኛለች።

የተማሪዋን ሥራ እንደገና አስነስተን አየን። ንባቡ ባዶ ማለት ይቻላል፤ እንደጠበቅነው። ጽሕፈቱ ግን በአንድ ክዋኔ 4 ኪሎባይት፣ አርቲቲው 20 ሚሊሰከንድ። ፕሮግራሟ ለእያንዳንዱ የጂን ክልል አንዲት ትንሽ ጊዜያዊ ፋይል ቤት ማውጫዋ ውስጥ ይፈጥራል። ቆጠርናቸው፤ ወደ 35 ሺህ።

ኤንኤፍኤስ ፋይል ሲዘጋ የተጻፈው ሰርቨሩ ጋ መድረሱን ሳያረጋግጥ አይለቅም። ስለዚህ ለአንድ ፋይል መክፈት፣ መጻፍ፣ መዝጋት ቢባል በግምት ሦስት ምልልስ አለ። 35 ሺህ በ3፣ በ20 ሚሊሰከንድ፦ 2,100 ሰከንድ። 35 ደቂቃ። በላፕቶፗና በክላስተራችን መካከል የነበረው ልዩነት ልክ ይሄው ነው። እንዲህ በልክ ሲገጥም አንዳንዴ ነው፤ ያን ቀን ማኪያቶ ጋብዣለሁ።

መርካቶ አንድ ኩንታል በአንድ ሸክም ይወጣል። ያንኑ ኩንታል በኩባያ ላመላልስ ካላችሁ ተሸካሚው ቢሮጥም ቀኑ ይመሻል። ሜጋባይት በሰከንድ ብቻ የሚያይ ሰው ተሸካሚውን ሰነፍ ይለዋል። የክዋኔውን መጠን ያየ ግን ኩባያዋን ያያል።

ክላስተራችሁ ለስተር የሚባለውን የፋይል ሥርዓት ከተጠቀመ አስተዳዳሪው ጆብ-ስታትስን ማብራት ይችላል። ያኔ ሰርቨሮቹ ራሳቸው በስለርም የሥራ ቁጥር ለይተው ይቆጥራሉ። እኛ የለንም፤ ያላችሁ ተጠቀሙበት።

6. መጻፍ ከማንበብ የበለጠ ያታልላል

ፕሮግራም ሲጽፍ መጀመሪያ የሚያርፈው ሜሞሪ ላይ ነው። ሊኑክስ ቆይቶ ወደ ዲስክ ያወርደዋል። በነባሪው ገና ያልወረደው ከነጻው ሜሞሪ 10 በመቶ ሲደርስ ከጀርባ ማውረድ ይጀምራል፤ 20 በመቶ ከደረሰ ራሱን ጸሐፊውን ያስቆመዋል። ትልቅ ሜሞሪ ባለው ኖድ ይህ አሥር ጊጋባይቶች ነው።

ስለዚህ ሥራው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በሰከንድ 1 ጊጋባይት እየጻፈ ይበርራል። ከዚያ ድንገት ቀጥ። ተጠቃሚው «ተሰበረ» ይላል። አልተሰበረም፤ እውነተኛው የዲስክ ፍጥነት ገና አሁን ታየ። ለካችሁ የምትቀበሉት ቁጥር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳትለኩ አትፍረዱ።

ፕሮክ ውስጥ ካንስልድ-ራይት-ባይትስ የሚል መስመርም አለ። ፕሮግራሙ ጽፎ፣ ወደ ዲስክ ሳይወርድ መልሶ ያጠፋውን ይቆጥራል። ጊዜያዊ ፋይል የሚያዘወትር ፕሮግራም ላይ ይህ ቁጥር ያብጣል።

7. ሌሊቱን ሙሉ መመዝገብ

ተቀምጦ ማየት ለአንድ ሰዓት ነው። ለረጅም ሥራ ሁለት መንገድ አለ።

ቀላሉ፦ በሥራ ስክሪፕታችሁ ውስጥ ከዋናው ትእዛዝ በፊት ፓይድ-ስታትን ከጀርባ ማስነሳት። -ዲ 30 በሉትና ውጤቱን ወደ ፋይል ላኩት። ፋይሉን ግን የኖዱ ቴምፕ ማውጫ ውስጥ አድርጉ። መለኪያው ራሱ በምትለኩት ሰርቨር ላይ ከጻፈ የራሳችሁን ጥላ ነው የምታሳድዱት። ሥራው ሲያልቅ ወደ ቤት ማውጫ ቅዱት።

ሌላው የስለርም ፕሮፋይል ነው። አስተዳዳሪው ኤችዲኤፍ5 የሚባለውን ፕለጊን ካበራ ሥራውን ስትልኩ --ፕሮፋይል=ታስክ ትጨምራላችሁ፤ በኋላ ኤስኤች5ዩቲል የየኖዱን ፋይል አንድ ያደርገዋል። ጥሩ ነው። ግን ምንጩ ያው አር-ቻር ስለሆነ የደረጃ 2 ጥርጣሬ እዚህም ይሠራል።

ሰዓትም ተጠንቀቁ። አንድ ልጅ «ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው የቀዘቀዘው» አለኝና ከሌሊቱ 02:00 መዝገብ ላይ ስፈልግ አመሸሁ። ማታ 2 ሰዓት በሰርቨሩ 20:00 ነው። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከተሞላ ደግሞ 17:00። መዝገብ ስታነቡ ሦስቱን አስማሙ፤ የኖዶቹም ሰዓት ክሮኒ በሚባለው ሰዓት አስተካካይ ፕሮግራም እርስ በርስ መስማማቱን እዩ።

8. አስተካክሉ፣ ድጋሚ ለኩ

የተማሪዋን ስክሪፕት የቀየርነው አራት መስመር ነው። ጊዜያዊ ማውጫውን ወደ ኖዱ ኤስኤስዲ አዞርን። ማመሳከሪያውንም ሲጀምር እዚያው ገለበጥነው፤ ሌላ ሥራ ሜሞሪውን ቢሻማ ከካሽ ሊወጣ ይችላልና። መጨረሻ ላይ 35 ሺውን ፋይል በታር አንድ አድርጎ አንዴ ይልካል። አራተኛው መስመር ሥራው ሰዓቱ አልቆበት ሊቋረጥ ሲል የደረሰበትን ቀድቶ እንዲወጣ የሚያደርግ ነው። ይህን የማይጽፍ ሰው አንድ ቀን ያለቅሳል፤ የኖዱ ቴምፕ ከሥራው ጋር ይጸዳል።

አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ለኩ ይባላል። እውነት ነው። እኛ ግን ተርበን ስለነበር ሁሉንም በአንዴ ቀየርን።

ሥራው በ25 ደቂቃ አለቀ። ኤንኤፍኤስ-አይኦ-ስታት ላይ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ደቂቃ በቀር ፀጥ ያለ ነበር። ተማሪዋ ኤስአክትን ራሷ ጠየቀችው። ያው 900 ጊጋባይት፣ አሁን ለ1,500 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 600 ሜጋባይት። የኖዱ ኤስኤስዲ ሳታ ነው። ጣሪያው 550።

አየችኝና ሳቀች። «ይሄም ከሜሞሪ ነው አይደል?» አለች።